የፍሬሽማን ሒሳብ መምህራችን፦ ማስተማራቸው፣ እርማታቸውና የማይበቃው ሰዓት

የሴክሽን ድልድል፣ ማለትም ተማሪው በየክፍሉ የሚከፋፈልበት ዝርዝር፣ በተለጠፈ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። አዲስ የገቡ ልጆች፣ በተለይ የሰፈሬ የአዘዞ ልጆች፣ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ሒሳብ እሳቸው ደርሰውናል። እውነት ኤ አይሰጡም?» ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው። ስማቸውን አልጠራም፣ ግቢውንም አልጠራም። ጎንደር ተምራችሁ በእጃቸው ያለፋችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ኤ ይሰጣሉ። እርማታቸው ጥብቅ ነው፣ ግን ፍትሐዊ ነው። ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣው ሰዓት ስለማይበቃው ነው። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ አጠናናችሁም ይለወጣል።

የወሰድነው ማትስ ፎር ናቹራል ሳይንስ ነው። ከሎጂክና ከስብስብ ይጀምራል። ከዚያ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ቀጥሎ ፋንክሽን፣ መጨረሻ ላይ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይመጣል። እኔ የገባሁት በሬሜዲያል፣ የመግቢያ ነጥብ ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰድነው መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ እንደኔ ሒሳብን ፈርቶ የመጣ ብዙ ነበር። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ስንት ሰው እንደሚወድቅ እየነገሩ አላስፈራሩንም። ቾክ አነሱና ሎጂክ ጀመሩ።

ሎጂክ ላይ ሁሉንም የሚያወዛግብ ቦታ አለ። ፒና ኪው ለሁለት አባባሎች የቆሙ ፊደሎች ናቸው። «ፒ ከሆነ ኪው ነው» ሲባል፣ ፒ ውሸት ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ እውነት ይባላል። ለምን? ከዚያ በፊት የገጠመኝ መልስ «የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዡን ሸምድዱት» የሚል ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ ጠየቁን። «ነገ ከዘነበ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብያችሁ፣ ሳይዘንብ ጃንጥላ ይዤ ብመጣ ዋሽቻለሁ?» አልዋሹም አልን። «ሳይዘንብ፣ ጃንጥላም ሳልይዝ ብመጣስ?» አሁንም አልዋሹም። «ዘንቦ ባዶ እጄን ብመጣስ?» ያኔ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዋሽተዋል!» አለ። ሠንጠረዡን ከዚያ በኋላ ነው የሞላነው። ማንም መሸምደድ አላስፈለገውም።

አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ላይም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ሲባጎ ይዘው መጡ። ሁለት ልጆች ጫፎቹን ሰሌዳው ላይ ተጭነው ያዙ። እሳቸው ቾኩን ሲባጎው ውስጥ አስገብተው፣ እንደተወጠረ አዞሩት። ኤሊፕስ፣ ሞላላው ክብ፣ ወጣ። ከሁለቱ ፎከሶች፣ ማለትም የሲባጎው ጫፎች ከተያዙባቸው ነጥቦች፣ ያለው ርቀት ድምሩ የማይለወጠው የሲባጎው ርዝመት ስለማይለወጥ ነው። ቀመሩን ከዚያው ተነስተን ራሳችን አወጣነው። በማጠቃለያው ፈተና፣ ፋይናል ላይ፣ ቀመሩ ከጭንቅላቴ ሲጠፋ ያዳነኝ ያ ሲባጎ ነው። ከትርጉሙ ተነስቼ እንደገና ሠራሁት።

ስላይድ አይጠቀሙም። መብራት ጠፋ ተብሎ የቀረ ክላስ አላስታውስም። ጽሑፋቸው ግን ደቃቅ ነው፣ ቶሎም ያጠፋሉ። ከኋላ የሚቀመጥ ይጎዳል። ቀድማችሁ ገብታችሁ ፊት ያዙ።

ስለ ቋንቋ ሳልናገር አላልፍም። ነገሩ ሲከብድ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ለእኔ ይህ ትልቅ እርዳታ ነበር። የጃንጥላው ምሳሌም በአማርኛ ነው የተነገረው። ክፍሉ ውስጥ ግን ከነቀምቴ፣ ከጅግጅጋ የመጡ ልጆች አሉ። የላብ ግሩፔ የሆነች የነቀምቴ ልጅ «ሁላችሁም ስትስቁ እኔ ምን እንደተባለ አላውቅም» አለችኝ። አብረን ቢሯቸው ሄደን ነገርናቸው። አልተቆጡም። ከዚያ በኋላ በአማርኛ የተናገሩትን በእንግሊዝኛ አሳጥረው ሰሌዳው ጥግ ላይ መጻፍ ጀመሩ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲጣደፉ ይረሱታል። ሲረሱ እጅ አውጥታችሁ አስታውሷቸው። የጓደኛችሁ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ እርማቱ። የሚቀርብባቸው ስሞታ «መልሱን አግኝቼ ነጥብ ቆረጡብኝ» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይቆርጣሉ። ሚድ ላይ፣ በሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ የመጣ አንድ ጥያቄ ልንገራችሁ። የኤክስ ሲደመር 3 ስኩዌር ሩት ከኤክስ ሲቀነስ 3 ጋር እኩል ነው፤ ኤክስን ፈልጉ ይላል። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አድርጋችሁ ስትሠሩ 1 እና 6 ይወጣል። ብዙ ልጅ ሁለቱንም ጽፎ ወጣ። ግን 1ን መልሳችሁ ስታስገቡ በአንድ በኩል 2፣ በሌላ በኩል ኔጌቲቭ 2 ይሆናል። መልሱ 6 ብቻ ነው። መልሰው ያላረጋገጡት ልጆች ነጥብ አጡ። 6ን በግምት አግኝቶ ያለምንም አሠራር የጻፈ ልጅ ደግሞ ከነሱም ያነሰ አገኘ። ግቢው በሙሉ ያማቸው በዚህ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ነኝ። ስኩዌር ማድረግ የሌለ መልስ ሊፈጥር እንደሚችል ክፍል ውስጥ ደጋግመው ነግረውናል።

በዚያው ፈተና ሌላ ልጅ መጀመሪያ ላይ የመደመር ስህተት ሠርቶ፣ የቀረውን በተሳሳተው ቁጥር በትክክል ጨረሰው። መልሱ ፈጽሞ ሌላ ነበር። አንድ ነጥብ ብቻ ነው የቀነሱበት። ስህተቱን ተከትለው እስከ ታች ሄደዋል ማለት ነው። አንድ ወረቀት እንዲህ ለማረም ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቡት። ስለሚያማቸው ሰው ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር፣ የፋይናል ወረቀት ያሳያሉ። ግሬድ ሰብሚት ከመደረጉ በፊት አንድ ከሰዓት ቢሯቸው ተቀምጠው፣ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ያሳያሉ። በሌሎች ኮርሶች ፋይናሌን አይቼው አላውቅም። ፖርታሉ ላይ ፊደሉ ብቻ ይመጣል። ሲ ፕላስ ይሁን ቢ፣ ከየት እንደመጣ የሚነግርህ የለም። እሳቸው ጋ አንዲት ዶርም የምትኖር ጓደኛዬ ሳይደመር የቀረ ገጽ አግኝታ አሳየቻቸው። ይቅርታ ጠይቀው እዚያው አስተካከሉላት።

ግሩፕ አሳይመንት ላይ ግን በፍጹም አልስማማም። ስድስት ስድስት ሆነን እንሠራለን። ከዚያ ከስድስቱ አንዱን እንዳጋጣሚ ጠርተው ሰሌዳ ላይ ያሠሩታል። እሱ ያገኘው ነጥብ ለሁሉም ይሆናል። አንድ ልጅ ሠርቶ ሌላው ስሙን ብቻ እንዳይጽፍ ነው። ዓላማው ገብቶኛል። የኛ ግሩፕ ሲደርስ የተጠራችው የጃናሞራ ልጅ ነበረች። ከመካከላችን በስሌት የሚበልጣት አልነበረም። ሰው ፊት ቆማ መናገር ግን አልለመደችም። ቾኩን ይዛ ቀረች፤ ቃል አልወጣትም። ሁላችንም ነጥብ አጣን። ያ ቀላል ነው። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ ከኛ ጋር መቀመጥ ተወች። ሰው ፊት መናገር የሒሳብ ፈተና አይደለም። ቢሮ ጠርተው ለብቻ ቢጠይቋት ያው ዓላማቸው ይሳካ ነበር።

ሰዓቱን ደግሞ ተመልከቱ። ለፋይናል የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ጥያቄዎቹ አይከብዱም፣ ግን ብዙ ናቸው። ሰብስቡ ሲባል የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ጨርሶ ያልነካው ልጅ ብዙ ነበር። ከነሱ ውስጥ ጎበዞች አሉ። «እያንዳንዱን እርምጃ ጻፉ፣ ያለዚያ ነጥብ የለም» የሚሉን እሳቸው ናቸው። እንዲህ የሚል ሰው ለመጻፊያው የሚበቃ ጊዜ መስጠት አለበት። በደንብ ባስተማሩን መጠን በደንብ እንጽፋለን። በደንብ ስንጽፍ ደግሞ ሰዓቱ ያልቃል። የሚጎዱት እሳቸው እንዳስተማሩት የሚሠሩት ልጆች ናቸው። ከፈተናው ሁለት ጥያቄ ቢቀንሱ የሚታወቀው ነገር ያው ነው። ይህን ወረቀት ባሳዩን ቀን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። «አስብበታለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ዘንድሮ ያስቡበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደንዳና ናቸው ለሚል ሰው ይህንም ልጨምር። ሚድ የጥምቀት ሰሞን ላይ ወድቆ ነበር። ጥምቀት ጎንደር ላይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤታችን ከአልጋ እስከ ወለል በእንግዳ ተሞልቷል። መንገዱ ተዘግቶ ከአዘዞ ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው። ዶርም የሚኖሩትም ሌሊቱን በመዝሙርና በሆታ አያነቡም። የክፍል ተወካያችን ጠየቃቸው። ሳይጨቃጨቁ ወደ ቀጣዩ ሳምንት አዛወሩት።

ከሳቸው ቁጥጥር ውጭ የሆነ አንድ ችግር አለ። እንዲያውም ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ያንኑ ኮርስ የሚሰጡ ሌሎች መምህራን አሉ፤ ፈተናቸውም ሌላ ነው። የሌላው ሴክሽን ፋይናል አብዛኛው ምርጫና እውነት ሐሰት ነበር። የኛ በሙሉ አሠራር። ስኬሉ ግን አንድ ነው። ለሁላችንም ኤ ከ85 ይጀምራል። ዓመቱ ሲያልቅ ዲፓርትመንት ስንመደብ ያው ጂፒኤ፣ አማካይ ውጤታችን፣ ይቆጠራል። ሶፍትዌር ምሕንድስና መግባት የፈለገ ልጅ፣ ድልድሉ የት እንደጣለው ዕጣው ሊወስንበት ይችላል። ትምህርት ክፍሉ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ፋይናል አውጥቶ፣ መምህራኑ ጥያቄ ተከፋፍለው ቢያርሙ ይህ ሁሉ ሐሜት ይቆማል። እሳቸውም «ኤ የማይሰጡት» መባላቸው ይቀራል። የተማሪ ኅብረቱ ይህን ይዞ ቢጠይቅ እኔ ፊርማ ለማሰባሰብ ዝግጁ ነኝ።

ዘንድሮ ለደረሷችሁ፣ በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የድሮ ፈተናቸውን ይሸጣሉ። ግዙት፤ ግን መልሱን አትቸክሉ። ቁጥር ቀይረው የሚመጡ ሰው አይደሉም፤ ሐሳቡን ነው የሚቀይሩት። ይልቅ ሰዓት ይዛችሁ፣ ሙሉ አሠራር እየጻፋችሁ ተለማመዱበት። ፈተና ላይ መጀመሪያ ሁሉንም አንብቡና የምትችሉትን አስቀድሙ። የወረቀት ማሳያው ቀን ማስታወቂያ ቢሯቸው በር ላይ ነው የሚለጠፈው፤ ቴሌግራም ላይ አትጠብቁት።