እናቴን ከመኪና ላወረደችልን የዝዋይ አስጎብኚ

አባቴ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በቀር የትም አትሄድም ነበር። ጥቁሯን አውልቃለች፣ ፊቷ ግን አላወለቀም። ቡና ይፈላል፣ ትጠጣለች፣ ወደ መኝታዋ ትገባለች። ከቤት ለማውጣት ያላደረግነው የለም። ይህ ጽሑፍ ዝዋይ ባለው የካስትል ወይን እርሻ ላገኘናት አስጎብኚ ምስጋና ነው፣ ስለ ወይን ጠጅ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። ስለ ወይን ጠጅ የማውቀው ነገር የለም።

መጀመሪያ ምሬቴን ላውጣ። የቦታዎቹን ስም አልጠራም፣ ጸብ አልፈልግም። አንዱ መዝናኛ በር ላይ ለመግቢያ ከፈልን። ውስጥ ገብተን ደግሞ ለወንበር ከፈልን። እናቴ ጾም ስለነበረች ሽሮዋን በምሳ ዕቃ ይዛለች። ዘበኛው ከቦርሳዋ አውጥቶ «ምግብ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ ወሰደባት። የጾም ምግብ አላችሁ ወይ ስንል «ሰላጣ አለ» ተባልን። ሰላጣው ላይ እንቁላል ነበረበት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጉዞ አዘጋጅ ነኝ ያለ ሰው ቀብድ ተቀበለን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ልጆች ቀስቅሰን፣ ዳቦ ይዘን መንገድ ዳር ቆምን። ስልኩ ዝግ። እስከ ዛሬም ዝግ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሦስተኛው ነው። አስጎብኚው እናቴን ከላይ እስከ ታች አያትና «እማማ መኪና ውስጥ ቢጠብቁ ይሻላል፣ ለእሳቸው የሚሆን ነገር የለም» አለ። የነገረው ለእሷ አይደለም፣ ለእኛ ነው። አጠገቡ ቆማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀመጠች። ስንመለስ «ጥሩ ነበር?» አለችን። ያቺ «ጥሩ ነበር?» እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለች።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ከአሜሪካ መጣ። ቨርጂንያ ነው የሚኖረው። እዚያ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ቤተሰብ ልጁን ይዞ ወይን እርሻ ይሄዳል አለን፣ ሣር ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጫወታል። «እኛም አገር አለ እኮ፣ ዝዋይ» አለ። ቀድሞ አስደውሎ ቀጠሮ ያዘና ቅዳሜ ጠዋት ወጣን።

ዝዋይ (ባቱም በሏት) ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ከሞጆ በኋላ መድረሳችሁን ሳታውቁት ትደርሳላችሁ። ልጆቼ አንዴም «ደረስን ወይ» ሳይሉ የተጓዙት የመጀመሪያ ጉዞ ነው።

የካስትል ወይን እርሻ በር ላይ ስንደርስ ግን የፈራሁት መጣ። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እኔ በጾም መጠጥ ቤት አልገባም። እናንተ ሂዱ፣ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ያችው «ጥሩ ነበር?» ትዝ አለችኝ። ወንድሜም አንገቱን ደፋ።

አስጎብኚዋ ከሩቅ አይታን ኖሯል። እኛን አልፋ በቀጥታ ወደ መኪናው ሄደች። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ በኩል እጅ ነሳች።

«እማማ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አገርዎ የት ነው?»

«ምንጃር» አለች እናቴ። ምንጃር ስትል ድምጿ ሁልጊዜ ከፍ ይላል።

«የጤፍ አገር! እንግዲያው ይውረዱልኝ። መጠጡን ይተዉት። እርሻ ነው የማሳይዎት። አፈሩን አይተው ይፍረዱኝ።»

እናቴ ወረደች። በቃ፣ ወረደች! እኛ ዓመት ከመንፈቅ የለፋንበትን ነገር ይቺ ልጅ በሁለት ደቂቃ ጨረሰችው።

የወይኑ ሐረግ በመስመር በመስመር ተተክሎ ዓይን እስኪደክም ይሄዳል። እናቴ ጎንበስ ብላ አፈር ዘገነች። በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይሄማ አሸዋ ነው። ለጤፍ አይሆንም» አለች። ብዙ ሰው ቢሆን ፈገግ ብሎ ያልፋታል። ልጅቷ ግን ሁላችንንም ጠርታ ሰበሰበችን። «እማማ ያሉትን ሰማችሁ? ነገሩ እዚሁ ላይ ነው» አለች። አሸዋማው አፈር ውሃ ስለማያቁር ለወይን የሚመቸው እሱ መሆኑን አስረዳችን። ስለ መግረዝ፣ ስለ ስኳሩ መጠን፣ ስለ ሙቀቱም ብዙ ተናገረች፣ አልያዝኩትም። ወይኖቹ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይባላሉ። ስሞቹን ያስጻፈኝ ወንድሜ ነው። ችግኙ ከፈረንሳይ መጥቶ፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ልጆቼን የማረካቸው ደግሞ ቦዩ ነው። ጉማሬና ጅብ፣ ዘንዶም ጭምር ወደ ወይኑ እንዳይገቡ እርሻው ዙሪያውን ተቆፍሯል። ትንሿ ልጄ «ጉማሬው ወይን ከበላ ይሰክራል?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚዋም ከልቧ አስባ «ፍሬው አያሰክርም፣ ግን ለእኛ አያተርፍልንም» ብላ መለሰችላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በርሜሎቹ ያሉበት ክፍል ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆም አለችና ለራሷ «ቤተልሔም ይመስላል» አለች፣ የቅዳሴው ኅብስትና ወይን የሚሰናዳበትን ቤት ማለቷ ነው። እኔ እንኳ በቅጡ አልሰማኋትም። አስጎብኚዋ ሰማች። ማስረዳቷን አቁማ «እማማ፣ ምን አሉ?» አለቻት።

አያቴ፣ ማለትም የእናቴ አባት፣ ቄስ ነበሩ። እናቴ ቀስ እያለች ጀመረች። ለቅዳሴ ዘቢቡ እንዴት እንደሚታጠብ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ እንዴት እንደሚጨመቅ። እንደ ጠጅ እንደማይፈላ። እሷ ልጅ ሆና ቤተልሔሙ ጋ እንደማትደርስ፣ አባቷ ሲመለሱ ግን እጃቸውን ስትስም የዘቢቡ ሽታ እንደነበረው። ይህን የመጨረሻውን እኔ ልጇም ሰምቼው አላውቅም። ከእኛ ጋር ሁለት ፈረንጆች ይጎበኙ ነበር። ልጅቷ የእናቴን ቃል እየተከተለች አንድ ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ታስተረጉምላቸዋለች። «ዛሬ እኔም ልማር» እያለች ትጠይቃታለች። እናቴ ሩብ ሰዓት ያህል አወራች። እናቴ! ሲጨበጨብላት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወንድሜ ወደ ውጭ ወጣ። ስልክ ተደውሎልኝ ነው አለ፣ ስልኩ ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ቅምሻው ላይ ለእናቴ በዚያው በባለ እግሩ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችላት፣ ከሁላችን ጋር እንድታጋጭ። ማንም አልነገራትም። ራሷ ነው ያሰበችው። ከዚያ እናቴ ቆማ መረቀቻት፤ ረጅሙን ምርቃት፣ ሠርግ ላይ የሚመረቀውን።

ወገኖቼ፣ ሂዱ። እናት አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «እሳቸው አይጠጡም፣ ምን ያደርጉበታል» አትበሉ፣ ልጆችንም አትተዉ። ዝም ብሎ በር ላይ መድረስ አይሆንም፣ ቀድማችሁ ደውሉና ቀጠሮ ያዙ። ኮፍያ ያዙ፣ የዝዋይ ፀሐይ አትራራም። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ የልጅቷን ስም እዚህ አልጽፍም። ስትደውሉ ግን «የምንጃሯን እናት ያስጎበኘችውን ልጅ እንፈልጋለን» በሉ፣ ያውቋታል ብዬ አስባለሁ። አለቆቿም ይህን ካነበባችሁ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደያዛችሁ እወቁ። እህቴ፣ አንቺም ካነበብሽው፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ደግሜ እላለሁ፣ ያክብርሽ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄድን። እኛ ዓሣ ለብለብ በላን። እናቴ ሽሮዋን ከፍታ በላች፣ የወሰደባት የለም። ልጆቹ አባ ኮዳዎቹን ያባርራሉ፣ አባ ኮዳዎቹም መልሰው ያባርሯቸዋል። እናቴ ዓይኗን ወደ ሐይቁ ጥላ ቆየች። ደሴቱ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን በየት በኩል እንደሆነች ዓሣ የሚሸጠውን ልጅ ጠየቀችው። በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችው እዚያ ነው ይባላል። ልጁም በእጁ አመለከታት።

«በጀልባ ነው የሚኬደው?» አለችው።

«አዎ፣ በጀልባ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጾሙ ሲፈታ እንመጣለን» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።