ባለ 22ቷ ሽጉጥ ከወራት ተኩስ በኋላ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የመሣሪያ ወሬ ሲነሳ ትንሽ ጥይት ክብር የላትም። ምንሽርና ክላሽ የለመደ ሰው ባለ 22 ሽጉጥ፣ ማለትም 0.22 ኢንች ገደማ ውፍረት ያላትን ጥይት የምትተኩሰውን፣ ሲያይ “ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?” ነው የሚለው። እኔ የያዝኳት ለዒላማ ነው። ሩገር ማርክ 4 ናት፣ ፈቃድ ያላት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም። ከመስከረም ጀምሮ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በተፈቀደልን ቦታ እየተኮስኩባት ነው። አሁን አፌን ሞልቼ የምናገረው አለኝ።

በቅድሚያ ስለ ልኳ። በዓለም አቀፉ የ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር ዒላማ ላይ አስር ነጥብ የምታሰጠው ክብ ስፋቷ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አሸዋ በሞላ ከረጢት አስደግፌ ስተኩስ ጥይቶቹ እዚያች ክብ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ቆሜ በእጄ ስተኩስ ይበታተናሉ። ልዩነቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

ጥይቶቿ የሚሰበሰቡት በአሠራሯ ምክንያት ነው። በብዙ ሽጉጦች የኋላና የፊት ማነጣጠሪያው ከላይኛው ብረት ጋር አብሮ ይመላለሳል። እዚህችኛዋ ላይ በርሜሉም ማነጣጠሪያውም ንቅንቅ አይልም፤ የሚመላለሰው የውስጡ ብረት ብቻ ነው። እርሳሷም ብዙውን ጊዜ 2.6 ግራም ገደማ ናት። ስለዚህ ሽጉጧ እጅ ላይ እምብዛም አትዘልም፤ ጥይቷ የት እንዳረፈች ወዲያው ታያለህ።

አብሮኝ የሚተኩስ ጋሼ የምለው የቀድሞ ወታደር አለ። ዕድሜውን ሙሉ የያዘው ማካሮቭ የሚባለውን ከእኔዋ ተለቅ ያለ ጥይት የሚተኩስ የሩሲያ ሽጉጥ ነው። አንድ ቀን የእኔን ይዞ ሲተኩስ አንዷ ጥይት ከሸፈች። ጠቅ ብቻ አለች። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዝቅ አለ፣ ሁለታችንም አየነው። “ለካ እስከዛሬ ድምፁን እየሸሸሁ ነው የምተኩሰው” አለኝ። በትልቅ ሽጉጥ ቢሆን ዝላዩ ይሸፍነው ነበር። ከዚያ በኋላ ምላጩን ቀስ አድርጎ መጫን ጀመረ። ጥር ላይ የእሱ ቀዳዳዎች ከእኔ ይልቅ ተጠጋግተው ነበር። ለእኔ የዚህች ሽጉጥ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ጥፋትህን አትደብቅልህም።

ስለ መክሸፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የ22 ጥይት ከሌላው ይልቅ ይከሽፋል። የሚያቀጣጥለው ቅመም የሚገኘው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ነው፤ እዚያ በደንብ ካልተዳረሰ አይነሳም። አንድ የገዛሁት ፓኬት በጣም አስቸግሮኝ ነበር። ሌላ ዓይነት ስቀይር ችግሩ ጠፋ። ጥይት ሲከሽፍባችሁ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። እንዲሁም “ፈጣን” የተባለውን ጥይት አታሳዱ። ለዒላማ በመደበኛ ፍጥነት የሚሄደው ይበልጥ አንድ ቦታ ያርፋል።

ብርዱን አትናቁት። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ጣት ይደነዝዛል፤ ምላጩን በስሜት መጫን ያቅታል። ወፍራም ዘይትም ይረጋና ብረቱን ያዘገየዋል። ቀጭን ዘይት በጥቂቱ መቀባት፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል መውጣት ይሻላል። ጽዳቷ ቀላል ነው፤ ከኋላ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ለሁለት ትከፈታለች።

አገራችን ቋጥኝ የበዛበት ነው። ይህች ትንሽ እርሳስ ድንጋይ ከነካች ወዴት እንደምትፈናጠር አይታወቅም፤ ሜዳ ላይ ከተለቀቀች ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ከዒላማው ጀርባ ሁልጊዜ ወፍራም የአፈር ግድግዳ ይኑር። ድምፅዋ ትንሽ ነው ብላችሁም ጆሯችሁን ሳትሸፍኑ አትተኩሱ።

አሁን በአንድ እጅ መተኮስ ጀምሬያለሁ። ውድድሩ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ፣ ድጋፍ ሳይኖር። ቀዳዳዎቼ እንደገና ተበታትነዋል፤ ክረምት ሳይገባ ግን እሰበስባቸዋለሁ።