ከዚራ የወሰድኩት የፕሮጀክት ሥልጠና፦ ለሳይት ሰው ይጠቅማል?

ድሬዳዋ ውስጥ የግንባታ ሳይት ኃላፊ ነኝ። ሰሞኑን ከዚራ አካባቢ አንድ ማሠልጠኛ የሰጠውን ሥልጠና ወስጃለሁ። ጉዳዩ የሰው ጠባይ የፕሮጀክት ውሳኔን እንዴት እንደሚለውጥ ነው። ልክፈል አልክፈል እያላችሁ ከሆነ ይኼን አንብቡ።

መጀመሪያ የጠባይ መጠይቅ አስሞሉን። እዚያ ላይ የባከነው ጊዜ ያሳዝናል። በተለይ ሰው ለመቅጠር እንጠቀምበታለን ያሉ ነበሩ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ራስን ለማየት ግን ጥሩ ነው።

ሥልጠናው የጣፈጠው ይሉኝታ ላይ ስንደርስ ነው። አናጺው የሰፈር ልጅ ነው፤ ፎርምወርኩ (ኮንክሪት የሚፈስበት ቅርጽ) መጣመሙን እያየህ ዝም ትላለህ። አሠሪው ትልቅ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ አያልቅም» ማለት ይከብዳል። አሠልጣኟ ይህን እንደ ጥፋት ብቻ አላየችውም። ሰው አክባሪ ኃላፊን ሠራተኛ አይሸሸውም፤ ኃላፊው ክፉ ወሬ የሚናገረው ግን ከረፈደ ነው አለች። እውነቷን ነው!

መፍትሔ ብላ ያመጣችው ልምምድ ብቻውን ለክፍያው ይበቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ2007 ጽፎበታል። ሥራው ሳይጀመር «ፕሮጀክቱ ከሽፏል» ብላችሁ በማሰብ ትነሳላችሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ምክንያቱን ለብቻው ይጽፋል። አለቃ ቀድሞ አይናገርም።

የእኛ ምሳሌ ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚሠራ የድጋፍ ግንብ ነበር። ደፋሮቹ ክረምት ሳይገባ እንጨርሳለን ብለው ቆርጠዋል። አንዲት ዝምተኛ የስቶር ሠራተኛ ግን እንዲህ ጻፈች፦ ደራሽ ጎርፍ የሚመጣው ደጋው ላይ ዘንቦ ነው፤ ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎም ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ወንዙ ዳር ከተከመረ አለቀለት። የ1998ቱን ጎርፍ የምናስታውስ ሁሉ ወዲያው የማከማቻውን ቦታ ቀየርን። በተለመደው ስብሰባ ቢሆን ይህቺ ልጅ አፏን አትከፍትም ነበር።

ቅሬታም አለኝ። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ፎርማኖቹ ተቸገሩ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት አንድ ቬንትሌተር ለመላው ክፍል አይበቃም። የጠዋቱን ፈረቃ ምረጡ። ኃላፊ ብቻ አትላኩ፤ ፎርማንና ስቶር ኪፐርም ይሂዱ።