ፓታፕስኮ ወይስ ፋውንቴንሄድ? የዲኤምቪ ማውንቴን ባይክ ትሬሎች ሲመዘኑ

በዲኤምቪ፣ ማለትም በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ማውንቴን ባይክ (የተራራና የጫካ ብስክሌት) የሚነዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት «ምርጡ ትሬል (የጫካ መንገድ) የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ አቦል ላይ የተጀመረው ክርክር በረካ ላይም አያልቅም። ከአሌክሳንድሪያና ከአናንዴል የመጣው ፋውንቴንሄድ ይላል። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከሎሬል የመጣው ፓታፕስኮ ይላል። የፍሬድሪክን ድንጋይ ያልቀመሰ ብስክሌተኛ አይባልም የሚልም አይጠፋም። የዚህ ግምገማ ፍርድ ለፓታፕስኮ ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው የሚያነሣው ውበቱ ወይም ርዝመቱ አይደለም፤ መሬቱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሲገባ ብስክሌቱን ሰቅሎ መስከረም ሲጠባ ማውረድ ይቻላል። እዚህ እንደዚያ አይሠራም፤ ዝናብ ወር አይመርጥም። ስለዚህ ትሬል ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይከብዳል ወይ?» ሳይሆን «ከዘነበ ስንት ቀኑ ነው?» የሚለው ነው። ከዲሲ በስተምዕራብና በስተሰሜን ያለው መሬት አብዛኛው ሸክላ ነው። ውሃ ሲጠጣ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ የተተወበትን ቅርጽ ይዞ እንደ ሸክላ ድስት ይጠነክራል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሲወረድ አሸዋው ይበዛል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ክርክር ጨርሶታል።

ፓታፕስኮ ቫሊ የሜሪላንድ የመጀመሪያው የስቴት ፓርክ ነው። ጥበቃው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ሲሆን ወንዙን ተከትሎ 32 ማይል ያህል ይረዝማል። ለብስክሌት የሚፈለገው አቫሎን የሚባለው ክፍል ነው። በዋናው በር መግባት ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፦ ክፍያ አለው፣ ከሌላ ስቴት ለመጣ ሰው ዋጋው ከፍ ይላል፣ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ሲሞላ በሩ ይዘጋል። የሚያዋጣው በሃዋርድ ካውንቲ በኩል ሮክበርን ብራንች ፓርክ ላይ መኪና አቁሞ መነሣት ነው። እዚያ ለብስክሌት መለማመጃ የተሠራ ቦታ አለ፤ አሥር ደቂቃ እሱ ላይ ሰውነት ማሟሟቅና ፍሬንና ማርሽን መፈተሽ ይቻላል። ችግር ካለ ጫካው መሀል ሳይሆን መኪናው አጠገብ ይታወቃል።

ከዚያ ወደ ሞርኒንግ ቾይስ ይታለፋል። በሜዳ ዳርና በጫካ ውስጥ የሚሄድ፣ ብዙ ፍሬን የማያስይዝ፣ ልብ የሚያሳርፍ መንገድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ካስኬድ ትሬል ግን ሌላ ዓለም ነው፤ የዛፍ ሥር፣ የተደራረበ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለትና ጅረት የሚሻገርበት ቦታ አለው። ፓታፕስኮን ፓታፕስኮ ያደረገው ይኸው ክፍል ነው።

ጅረቱ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ውሃው ጠልቆ አይደለም። ጥፋቱ ከመግባቱ በፊት ይጀምራል። ሰው ወደ ውሃው በከባድ ማርሽ ይወርዳል፣ ውሃው መሀል ፍጥነቱ ሲሞት መርገጥ ያቅተዋል፣ ማርሽ ልቀይር ሲል ሰንሰለቱ ጭነት ላይ ስለሆነ ይንጓጓል፣ የፊት ጎማው አንዲት የጡጫ ያህል ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ መታጠብ ነው። መፍትሔው ዳር ላይ እያሉ ሁለት ሦስት ማርሽ ማቅለል፣ ዓይንን ከፊት ጎማው አንሥቶ የሚወጡበትን ዳርቻ ማየት፣ ውሃው ውስጥ መርገጥን አለማቆምና መሪውን አለመጠምዘዝ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ የፊት ፍሬን አይነካም። ማዶ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጎ ይዞ ጥቂት ሜትር በመርገጥ ዲስኩን ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲዘገይበት ይደነግጣል።

ይህ መሬት ድንጋዩና ሥሩ ስለሚበዛ ዝናብ ካቆመ በኋላ ከሌሎቹ ቀድሞ ይደርቃል። ጭቃ የለውም ማለት አይደለም፤ ሞርኒንግ ቾይስ የሚያልፍባቸው ሜዳማ ቦታዎች ውሃ ይይዛሉ። ሚዛኑ ቀላል ነው፦ ከኋላችሁ ዞር ብላችሁ እዩ፣ ጎማው ጎድጓዳ ዱካ ትቶ ከሆነ ተመለሱ። የፓታፕስኮ እውነተኛ ጉድለት ሰው ነው። ካስኬድ ላይ ባለው ፏፏቴ አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ሕፃን የያዘ፣ ውሻ የሚጎትት፣ ፎቶ የሚነሣ ሰው ይሞላል፤ ቅድሚያውም የእግረኛው ነው። በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 9 ሳይሞላ ያን ክፍል አልፎ የሄደ ሰው ብቻ ነው በደንብ የሚነዳው።

ፋውንቴንሄድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ስቴሽን፣ ኦኮኳን የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር ያለው ይህ ትሬል ከታቀደና ከተሠራ መሬት ምን እንደሚገኝ የሚያሳይ ነው። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ፣ ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሆነ፣ ዙሮቹ የተደራረቡ መንገድ ነው። ቀላሉን ዙር ጨርሶ መመለስ የፈለገ ይመለሳል፤ የቀጠለ ሰው እየከበደ ወደሚሄደው ይገባል። ከፊት የሚመጣ ሰው ስለሌለ ኩርባ ላይ ልብ አይሰቀልም። ኩርባዎቹ በውጭ በኩል ከፍ ተደርገው ስለተሠሩ ፍሬን ሳይዙ ብስክሌቱን አጋድሞ መዞር ይቻላል። ሥራውን ብቻ ብንመዝን ፓታፕስኮን ያስከነዳል።

ታዲያ ለምን ሁለተኛ ወጣ? ስለሚዘጋ ነው። ሸክላው ሲርስ አስተዳዳሪዎቹ ይዘጉታል፣ መዝጋታቸውም ልክ ነው። በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ደግሞ ዝናብ ሳይዘንብም ይዘጋል፤ ብዙ አዲስ ሰው «ፀሐይ ወጥቶ እንዴት?» ብሎ የሚበሳጨው በዚህ ነው። ሌሊት መሬቱ በረዶ ይሠራል። ረፋድ ላይ ከላይ ያለው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይቀልጣል፣ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ድንጋይ እንደቀዘቀዘ ነው፤ ውሃው ወደ ታች መስረግ ስለማይችል የላዩ አፈር ሙክ ይሆናል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው የሚያሳልፈው ጎማ በመጋቢት የሁሉንም ጎማ የሚጠልፍ ቦይ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ብስክሌቱን መኪና ላይ ከመጫን በፊት ትሬሉ ክፍት መሆኑን በፓርኩ በኩል ማረጋገጥ ግድ ነው። በመስከረምና በጥቅምት፣ ሳምንት ሙሉ ሳይዘንብ ከቆየ ግን ሌላ ቦታ መሄድ ጥፋት ነው፤ ያኔ ፋውንቴንሄድን የሚያህል የለም።

ፍሬድሪክ የሚባለው ከከተማዋ በላይ ካቶክቲን ተራራ ላይ ያለው የውሃ ጥበቃ ደንና አጠገቡ ያለው ጋምብሪል ስቴት ፓርክ ነው። የጋምብሪል ሃይ ኖብ 1,600 ጫማ፣ ማለትም 500 ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው። እንጦጦን እያየ ያደገ ሰው ይህን ተራራ ብሎ ሲጠሩት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፈገግታው ግን የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ያበቃል። መሬቱ ጠርዙ ያልተላገ ኳርትዛይት ነው፤ ድንጋይ መሀል መንገድ ያለ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ድንጋይ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። የፊት ሾክ (ንዝረት የሚውጠው ክፍል) ብቻ ባለው ብስክሌት መንዳት ይቻላል፣ ወገብ ግን ያስከፍላል። 140 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚሄድ የፊትና የኋላ ሾክ፣ ጎኑ ወፍራም የሆነ ጎማ፣ የጉልበት መከላከያ ያስፈልጋል። ውሃ ጥበቃ ደኑ ውስጥ አደን ስለሚፈቀድ በወቅቱ ብርቱካናማ ልብስ ሳይለብሱ አይገባም። «ከሁሉ የሚከብደው ከሁሉ ይበልጣል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቀድሙ አይገርምም። ለእኛ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሚኬድበት ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ጀርመንታውን ያለው ሼፈር ፋርምስ ላይ ጀምሩ። ነጩና ቢጫው ዙር በእርሻ ዳርና በጫካ የሚሄዱ፣ አጫጭር ዳገት ያላቸው፣ የሚያስደነግጥ ነገር የሌለባቸው ናቸው። ቀለሞቹ ስለሚገናኙ መጥፋት አለ፤ ስልክ ላይ ካርታ ጭኖ መሄድ ይሻላል። አፈሩ ከእርሻ መሬቱ የሚለይ ስላልሆነ ከዝናብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መተው ነው።

አፐር ማርልቦሮ አጠገብ ያለው ሮዛሪቪል ደግሞ ወደ 9 ማይል የሚሆን አንድ ትልቅ ዙር አለው። የመርገጥ አቅም ለመገንባት የሚሆን፣ ድንጋይ የሌለው፣ ፍጥነት የሚሰጥ ነው። ፈረሰኛ ይበዛበታል። ፈረስ ሲያጋጥም ቁሙ፣ ከብስክሌቱ ውረዱ፣ ለፈረሰኛው ድምፅ አሰምታችሁ ሰላም በሉ። ፈረሱ የሰው ድምፅ ሲሰማ ይረጋጋል፤ ዝም ብሎ የቆመ ባለ ሄልሜት ነገር ግን አውሬ ይመስለዋል።

አናንዴል ያለው ዌክፊልድ ከቤልትዌይ (ዲሲን ከሚዞረው አውራ ጎዳና) ጥግ ነው፣ የመኪናው ጩኸት ይሰማል። ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ላለው ሰው ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ ሥር ያሉት አጫጭር ዳገትና ቁልቁለቶች ይበቃሉ። ከዚያ ወዲያ የሚጠበቅበት ነገር የለም።

እነዚህን ቦታዎች ሁሉ የሚያበላሸው የጎማ ንፋስ ነው። ብዙ ሰው መንገድ ላይ ጎማ ተነፋፍቶ እንዲጠነክር ስለለመደ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሞልቶ ይመጣል፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ጎማው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ ሰውየው ትሬሉን ይረግማል። 75 ኪሎ ለሚመዝንና 29 በ2.4 ኢንች ጎማ ለሚጠቀም ሰው፣ ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ከሆነ ከፊት 20 እስከ 22፣ ከኋላ 23 እስከ 25 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ 28 እስከ 30። ፓታፕስኮና ፍሬድሪክ ላይ ለኋላው ሁለት ይጨመራል። ከመነዳሪው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካወጣ እሾህ አይደለም፤ ንፋሱ አንሶ ድንጋዩ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ስለቆነጠጠው ነው። ያንን ለጥፎ በዚያው ንፋስ መቀጠል እንደገና መቁረጥ ነው። የቲዩብለሱ ፈሳሽ ለአንድ ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፣ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት፤ ጎማው ሲወዘወዝ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሌለ ደርቋል።

ሾኩን ደግሞ የቦርሳና የውሃ ክብደት ጨምራችሁ አስተካክሉ። ብስክሌቱ ላይ ዝም ብላችሁ ስትቆሙ የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ የፊተኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ መስመጥ አለበት። ፓታፕስኮ ላይ የፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ ውሃና አሸዋ ተደባልቆ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ትንሽ ቢጮህም ከለስላሳው ይበልጥ ይቆያል። ሸራው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ መቀየር ነው፤ ብረት ከብረት ከተገናኘ ዲስኩም ይሄዳል።

ቦርሳ ውስጥ ሁሉም ሰው ፓምፕ ይይዛል። የሚረሳው ሃንገር የሚሉት፣ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የሚይዘው ትንሽ አልሙኒየም ነው። ሆን ተብሎ ፍሬሙ እንዳይሰበር ቀድሞ እንዲታጠፍ የተሠራ ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው ይሄዳል። ችግሩ ለየብስክሌቱ ሞዴል የተለያየ መሆኑ ነው፤ የጓደኛ ሃንገር አይገጥምም፣ ሱቅም በዕለቱ ላይኖረው ይችላል። አሁኑኑ አንድ ገዝቶ ከሰንሰለት ማያያዣ ጋር በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳ ግርጌ መተው ነው። ከታጠፈ በኋላ በኃይል አቃንቶ ወደ ቀላሉ ማርሽ መግፋት ደግሞ ማርሽ ቀያሪውን ጎማው ውስጥ ያስገባዋል፤ ያኔ ወጪው በአሥር እጥፍ ያድጋል።

ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ወደ ቤት ስትመለሱ መዥገር ፈልጉ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። ካልሲ ጫፍ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ የወገብ መታጠቂያ ሥር፣ የፀጉር መስመር ይታያል። የተጣበቀ ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ ብሎ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው፤ ቫዝሊን መቀባት ወይም በክብሪት መለብለብ አያስፈልግም። ፖይዘን አይቪ የሚባለው፣ ቆዳ የሚያሳክከው ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ የነካው እግር ደግሞ ቤት እስኪደረስ አይጠበቅም፤ መኪናው ጋ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ጓንቱና የመሪው እጀታም አብረው።