ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ470፦ የአንድ የፊዚክስ መምህር የወራት ልምድ

የምገመግመው ላፕቶፕ ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ያስተዋወቀው ቲንክፓድ ቲ470 ነው። እኔ እጅ የገባው ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ካገለገለ በኋላ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሱቆች «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ ከሚሸጡት አንዱ ነበር። አዲስ ላፕቶፕ የመግዛት ዕቅዴን የተውኩት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ ኮምፒውተር በሁለተኛ ደረጃ መምህር ደመወዝ የሚታሰብ አልሆነም። ያገለገለውን ከአዲሱ ዋጋ ሲሶ ባነሰ ገንዘብ አገኘሁት፤ ከወራት አገልግሎት በኋላም በግዢዬ ረክቻለሁ።

ይህ ማሽን ለረጅም ዕድሜ ታስቦ መሠራቱ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። የታችኛውን ክዳን የያዙት በተራ ካቻቪቴ የሚፈቱ ቡሎኖች ናቸው፤ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) የሚገባባቸው ሁለት ቦታዎች ስላሉት 8 ጊጋባይት የነበረውን ወደ 16 ማሳደግ ባለሙያ የሚያስጠራ ሥራ አልሆነም። ዛሬ ከሚመረቱት ቀጫጭን ላፕቶፖች የብዙዎቹ ራም በዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይ የተበየደ በመሆኑ ይህ ዕድል የለም። ከሁሉም የወደድኩለት ግን ሁለት ባትሪ መያዙን ነው፤ አንዱ ከውስጥ ሲሆን ሌላው ከኋላ ተነቃይ ነው፤ የውስጡ ኃይል እስካለው ድረስም የውጭው ማሽኑ ሳይጠፋ ይቀየራል። ተነቃዩ ባትሪ ከዕድሜ ብዛት ደክሞ ስለነበር ሌላ ተካሁለት፤ አሁን መብራት በሄደባቸው ሰዓታትም ፈተና አዘጋጅበታለሁ፣ ውጤት እሞላበታለሁ።

ላፕቶፑ ሲሸጥልኝ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነበር። የዚህ ሥርዓት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ለአንድ ተጨማሪ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ የሚገኝበት መንገድ ቢኖርም እሱም ቀነ ገደብ አለው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ሲሆን፣ የእኔው 7ኛ ትውልድ ነው። አንድ ቡሎን ያልላላበት፣ አንድ ቁልፍ ያልተነቀለበት፣ ሰነድ ለመጻፍም ሆነ ቪዲዮ ለማሳየት አቅም ያላነሰው ማሽን በአንድ ቀን ከዘመኑ ውጭ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። አዲሶቹ መመዘኛዎች ደኅንነትን እንደሚያጠብቁ አልክድም፤ በዚህ ረገድ የቀረበው ምክንያት ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድን ኮምፒውተር ዕድሜ የሚወስነው ከብረቱ ጥንካሬ ይልቅ ሶፍትዌር ሠሪዎች የሚቆርጡት ቀን ከሆነ፣ ቀኑ ሲቆረጥ የሚታሰበው በየአራትና አምስት ዓመቱ ዕቃ የሚቀይረው የመጀመሪያው ገዢ እንጂ ማሽኑን ከእሱ ተቀብሎ ሌላ አሥር ዓመት ሊሠራበት የሚፈልገው ሁለተኛው ገዢ አይደለም። እንደ እኛ ባለ አገር ብዙ መምህር፣ ብዙ ተማሪ፣ ብዙ ትንሽ ቢሮ ሁለተኛው ገዢ ነው። ለቀደመው ባለቤት የግዢ መርሐ ግብር የሆነው ውሳኔ ለእኛ ኮምፒውተር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

እኔ የመረጥኩት መፍትሔ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት 22 የተባለው ሥርዓት ነው፤ በነጻ ይጫናል፣ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ ይኖረዋል፣ በዚህ ላፕቶፕ ላይም ያለ ድካም ይሠራል። አማርኛ ለመጻፍ ኪማን የተባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ስለ ፊደላችን አንድም ችግር አልገጠመኝም። የተቸገርኩት ከቀደሙት ዓመታት በወረስናቸው የፈተና ፋይሎች ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ደረጃ 3.0 ቢካተትም፣ ከዚያ በፊት በተለመደው አሠራር የተጻፉ ፋይሎች የራሳቸው ፎንት በሌለበት ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆነው ይታያሉ። እነዚህን አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አድካሚ ሥራ ቢሆንም፣ የትኛውንም ሥርዓት የሚጠቀም ትምህርት ቤት ሳይውል ሳያድር ሊጀምረው ይገባል። የትምህርት ቤታችን ማተሚያ ከሊኑክስ ጋር ስለማይግባባ ወረቀቱን በፒዲኤፍ አዘጋጅቼ በሌላ ኮምፒውተር አሳትማለሁ።

ላፕቶፑ ትልቁን ዋጋ ያሳየኝ ክፍል ውስጥ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው «ፌት» የሚባሉ የሳይንስ ማስመሰያዎች ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ አምፔርሜትር በሌለው ቤተ ሙከራ ተማሪዎቼ የኤሌክትሪክ ዑደት ገጥመው፣ ሬዚስተር ቀይረው፣ ጅረቱ ሲቀንስ በዓይናቸው ያዩት በዚህ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀው መሣሪያው እንዳይጥለው እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ላፕቶፑን በተራ እንዲለማመዱበት እሰጣቸዋለሁ። ትጉህ የነበሩ ልጆች መጀመሪያ ጠቋሚውን ወደሚፈልጉበት ለማድረስ ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ ችግሩ ከጥቂት ልምምድ በኋላ የሚጠፋ መሆኑ ደግሞ ልምምዱን ያላገኙትን ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ ላፕቶፕ ለዚህ ሁሉ ተማሪ አይበቃም፤ በየመጋዘኑ «ጊዜው አልፎበታል» ተብለው የተቆለሉት ቢጨመሩ ግን ልዩነቱ ሰፊ ይሆን ነበር።

የሚጣለውም ጥቂት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲመነጭ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በእኛ አገር ቆራሊዮውና የምናለሽ ተራ ሠራተኛ ብዙ ዕቃ ከመጣል ያድናሉ፤ ያለ መከላከያ ባትሪና ሰሌዳ ሲፈቱ የሚያገኛቸው ጉዳት ግን ሊታሰብበት ይገባል።

ይህን ሞዴል ለመግዛት ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት የባትሪውን የአሁን አቅም ከፋብሪካ አቅሙ ጋር ያነጻጽር፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) የቀድሞው መሥሪያ ቤት ባኖረው የይለፍ ቃል አለመቆለፉንም ያረጋግጥ፤ ምክንያቱም ይህን ቁልፍ ማስፈታት ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ለቪዲዮ ቅንብር ወይም በዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚፈልገው ግን ቢያንስ 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለውን ቲ480 ቢገዛ ይሻለዋል፤ ተነቃዩ ባትሪም፣ የሚጨመረው ራምም በእሱ ላይ አሉ።