በርኖሱን ስገዛ ያልተነገረኝ

ክረምቱን በሙሉ የመንዝ በርኖስ ለብሼ ከረምኩ። የምጽፈው ለመግዛት ለሚያስቡ ነው፤ በተለይ ለሴቶች። በርኖስ በልማድ የወንድ ልብስ ነው፤ በድሮ ፎቶግራፎች ላይ መኳንንቱ ደርበውት የሚታዩት ጥቁር ልብስ። እኔ ደግሞ 36 ዓመት የሞላኝ፣ ሽሮ ሜዳ የምኖር፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠርኩ ሴት ነኝ። ስለ ሙቀቱ የምለው ጥቂት ነው። ብዙውን ቦታ የሚወስዱት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው።

የገዛሁት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የጠዋቱ ብርድ የእኛን ብርድ ልጅ ያደርገዋል። በስስ ጃኬት ስንቀጠቀጥ ያየኝ ነጋዴ ምንም ሳይናገር በርኖሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው። 9,500 ብር ጠራ፤ በ7,000 ተስማማን። ከዚያ በታች ለመከራከር ልብሱን ማውለቅ ነበረብኝ፤ አላወለቅሁም።

የተሠራው ከመንዝ በግ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ይነደፋል፣ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። እጅጌ የለውም፤ አንገት ላይ ይያያዛል፤ በአንዱ ትከሻ በኩል ወደ ላይ የወጣ ሹል አለው። ክብደቱን ለማወቅ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ ከሚቀመጥ ልጅ ዘንድ አንድ ጊዜ ከነበርኖሴ፣ አንድ ጊዜ ያለ በርኖስ ቆምኩ። ልዩነቱ 3 ኪሎ ሆነ። ልጁ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ።

ካፊያ አያሳልፍም። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስወርድ የሚርሰው ራሴ እንጂ ትከሻዬ አይደለም። ዶፍ ሲሆን ግን ውኃውን ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከዚያም በግ በግ ይሸታል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በነሐሴ ብርድ መስኮት መክፈት ጀምራ ነበር። ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። አንገት ላይ ያሳክካል፤ ከውስጥ የነጠላ ቁራጭ ሰፍቼበት ተሻለኝ።

ትልቁ ስሕተቴ ማሳጠሬ ነው። መሬት ስለጠረገ ሰፈሬ ወዳለ አንድ ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ሽሮ ሜዳ ደግሞ የጥጥ አገር ነው፤ ሸማኔዎቹ አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሰዎች ናቸው፤ ጥበብና ነጠላ እንጂ የበግ ፀጉር ልማዳቸው አይደለም። ሰውዬው ሁለት መርፌ ሰበረ፤ ስምንት ሴንቲ ሜትር ቁረጥ ብለው አሥራ አምስት ቆረጠ፤ ጠርዙንም በቀጭን ክር ዘመዘመው። ተጣላን። ግማሽ ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ልጆቹን እተዋቸዋለሁ፤ ልጅ ሁሉን ይጠራል። የታክሲው ረዳት በመጀመሪያው ቀን፣ «እህቴ፣ የበርኖሱንም ሒሳብ ክፈይ፤ ወንበር ይዟል» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ይዞ ነበር።

ያላሰብኩት ሐዘኑን ነው። በርኖሱ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ደርባ አንገቷን ያቀረቀረች ሴት ደግሞ በእኛ አገር ትርጉሟ አንድ ነው (የማቀረቅረው ግን ጭቃውን ለማየት ነው)። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ሻጯ እጄን ይዛ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ማን ነው?» አለችኝ። ማንም እንዳልሞተብኝ ስነግራት አፈረች። በሳምንቱ ሌላዋ እንዲሁ አለችኝ፤ አስረዳሁ። ሦስተኛዋ ምንም ሳትጠይቅ ዓይኗ እንባ አቀረረና ከመዘነችልኝ በላይ ሁለት እፍኝ ምርቃት ጨመረችልኝ። በዚህ ጊዜ «አሜን» ብዬ ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ ያንን ሽንኩርት ስልጥ ያለቀስኩት ለሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብርቱካንማ ሻርፕ ሳላደርግ አልወጣም። የምትገዙ ሴቶች ይህንን ወጪ ከወዲሁ ደምሩት።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነጠላዬን ከበርኖሱ በላይ ደርቤ ሳለ አንዲት እናት ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ጠቀሱልኝ፤ ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለውን። ዝም አልኳቸው። ነገር ግን ከዚህ በፊት ስድስት ክረምት የለበስኩት ጃኬት ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ የወንድ ጃኬት ነበር። ጀርባው ላይ የማላውቀው አገር የእሳት አደጋ ቡድን አርማ ነበረበት። ያንን ለብሼ በዚያው ደጃፍ ስሳለም አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ስለዚህ ሰውን የሚያናግረው እንግዳ ልብስ ነው የሚለውን ማመን አቁሜአለሁ። የእሳት አደጋውን ጃኬት የእኔ ነው የሚል አልነበረም። በርኖስን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ከአያቱ ሣጥን የወጣ ያህል ይቆጥረዋል፤ እኔ ደግሞ ሳላስፈቅድ ያወጣሁት። ስሙ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ መሆኑን አንድ ሁለት ጊዜ ልናገር ሞክሬ ነበር፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም።

አንድ ሽማግሌ ግን ለየት አሉብኝ። ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ አስቆሙኝና፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«ከመንዝ ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ የአርሲ ሰው ነው።»

«ታዲያ ይህን ማን ሰጠሽ?»

«ገዛሁት።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። ስድብ ስጠብቅ ጎንበስ ብለው በከዘራቸው ጫፍ ጠርዙን አነሣ አደረጉና፣ «ማነው እንዲህ የቆረጠው?» አሉ፤ ሰው የተጎዳ ያህል። ክረምቱን በሙሉ ሁሉም እኔን ሲያይ ልብሱን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለ ሰፊው ነገርኳቸው። አብረን ስናማው ቆየንና ተለያየን።

ዛሬም ብገዛ እገዛዋለሁ፤ ግን ቁመቴን አስለክቼ፣ ከዚያው ሳልነሣ። ለመሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ለታክሲ አይመችም። በጋ ሲገባ ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ብል ይበላዋል ብለውኛል።

ደመወዜን የማወጣበት ባንክ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ ልጅ አለች። መጀመሪያ ያየችኝ ዕለት፣ «ከዚህ ሥር ምን እንዳለ በምን ይታወቃል?» ብላ አስወለቀችኝ። በሁለተኛው ጊዜ ሳታስወልቀኝ እጆቿን ከሥር አስገብታ ፈተሸችኝ። በሦስተኛው ፍተሻው ረዘመብኝ፤ ለካስ እጆቿን እያሞቀች ኖሯል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ለአጭር ሰው የሚሆን ይገኛል?» አለችኝ።

«ይገኛል» አልኳት፤ «ብቻ ሽሮ ሜዳ ወስደሽ እንዳታስቆርጪው።»