ደሴ የገዛሁት የጃፓን ስኒ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የድሮ ዕቃ ሱቅ ስድስት የጃፓን ስኒ ገዛሁ። ባለሱቁ «ወላሂ፣ መቶ ዓመት ያለፈው ነው!» አሉኝ። ቤት ገብቼ ስገለብጠው ግን ቂጡ ላይ «ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን» (በተያዘችው ጃፓን የተሠራ) ይላል። ይሄ ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ በአሜሪካኖች እጅ ሳለች፣ በፈረንጆቹ እስከ 1952 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው እንጂ መቶ ዓመት የለውም። «ኒፖን» (ጃፓኖች አገራቸውን የሚጠሩበት ስም) ቢል ኖሮ ከ1921 በፊት የመሆን ዕድል ነበረው፤ እሱም ቢሆን በሐሰት ይታተማል።

አንዱን በጥፍሬ መታ ሳደርገው እንደሌሎቹ ጥርት ያለ ድምፅ አልሰጠም። ብርሃን ላይ ስይዘው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! ዋጋ የሚያወርደው እንዲህ ያለው ነው። ይዤው ስመለስ ሰውየው «አብሽሪ እህቴ» ብለው ሳይጨቃጨቁ የአንዱን ሂሳብ መለሱልኝ። ዕድሜ ላይ አትመኗቸው፣ ደግነታቸውን ግን ወድጄዋለሁ። የቀሩት አምስቱ የአፋቸው ወርቅ ቅብ እንኳ አልለቀቀም።